«ስንደርስ ሞተሩ ለምን ሞቆ ነበር?»

ውድ አማካሪ፣

ዕድሜዬ 36 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ጀልባ የመግዛት ሐሳብ ካደረብኝ ሰንብቷል፤ ከባለቤቴ ጋር ለዚሁ ብለን አራት ዓመት አጠራቅመናል። ባለፈው ወር የድሮ አለቃዬ ጀልባቸውን ሊሸጡ እንደሆነ ነገሩኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አባቴን ያጣሁ ጊዜም ከጎኔ አልተለዩም።

ጀልባው ስድስት ሜትር ገደማ ነው። ከኋላ የሚታሰር 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ፎር ስትሮክ ሞተር አለው። ሞተሩ 17 ዓመቱ ነው፤ የሰዓት ቆጣሪው ግን 310 ሰዓት ብቻ ነው የሚለው። ጋሼ የገዙት ከአራት ዓመት በፊት ሲሆን ከዚያ በፊት ባሕር ላይ ይነዳ ነበር። ልናየው ስንሄድ አስነስተው ጠብቀውን ኖሮ፣ ቁልፉን ገና ሲነኩት ተነሳ። ሽፋኑም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። በጣም ወደድኩት። ስንመለስ ግን ባለቤቴ «ስንደርስ ሞተሩ ለምን ሞቆ ነበር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መካኒክ ይዤ ልምጣ ብላቸው «አላመንከኝም ማለት ነው» የሚሉኝ ይመስለኛል። ሌላ ገዢ ስላለም እስከ ቅዳሜ ቀብድ እንድሰጥ ነግረውኛል። ሳላስፈትሽ ብገዛ ለገንዘባችን እፈራለሁ፤ ላስፈትሽ ብል ደግሞ ጋሼን እንዳላስቀይም እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ይሉኝታ የያዘኝ

———

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን መጀመሪያ ሳነበው ስለ ጀልባ የጻፍክ መስሎኝ ነበር። ስደግመው ግን ዋናው ጭንቀትህ ጋሼ መሆናቸው ገባኝ። ስለዚህ ከሳቸው እንጀምር።

ሞተርን አሙቆ መጠበቅ ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ቤቱን እንደሚጠርግ ሰው፣ ሰው ፊት እንዳያዋርደኝ ብሎ አስቀድሞ የሚያስነሳ አለ። ባትሪው ደከም ብሎባቸውም ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ሲበርደው አልነሳ የሚል ሞተርን ለመሸፈን ሰዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። የቱ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ጋሼ ይህን ሞተር የሚያውቁት አራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን 13 ዓመት፣ ያውም ጨው ውኃ ላይ ያለፈውን፣ እሳቸውም እንዳንተ በወሬ ነው የሚያውቁት። የሞተር ችግር የሚደበቀው ከገዢ ብቻ መሰለህ? አብሮት ከሚውለው ባለቤት ጭምር ይደበቃል። እንዲያው መካኒኩ የሚያገኘው ነገር ለጋሼም አዲስ ወሬ ሊሆን ይችላል።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ከቅርብ ወዳጄ ጀልባ ገዛሁ። እንዳንተው አፈርኩና ሳልፈትሽ ወሰድኩት። በሦስተኛው ወር ከታች ያለው የማርሽ ክፍል ተንኮታኮተ። ውኃ ገብቶበት ኖሯል። አንዲት ቡሎን ፈትቼ ዘይቱን አይቼው ቢሆን ኖሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ወዳጄ አያውቅም ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ያኔ ግን አልነገርኩትም። ዋጥ አደረግኩት። ከዚያ ስልኩን ማንሳት ከበደኝ፤ ቀስ እያልን ሆድና ጀርባ ሆንን። እስቲ አንተም ራስህን ጠይቅ፦ ሳታስፈትሽ ገዝተህ ከርሞ ሞተሩ ቢቀር፣ ጋሼን ደውለህ ትነግራቸዋለህ? ወይስ እንደኔ ውጠኸው ትሸሻቸዋለህ?

እኔ ብሆን አስፈትሻለሁ። ጥያቄው እንዴት ብዬ ልንገራቸው ነው። ደብዳቤ ወይም በሰው መላክ አይሆንም፤ ራስህ ደውል። እንዲህ ማለት ትችላለህ፦ «ጋሼ፣ ጀልባውን ወደነዋል። ግን ልጆች ስለምጭንበት ሞተሩን መካኒክ ሳያየው እንዳልገዛ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረናል። ሐሙስ ጠዋት ይመችዎታል? እርስዎም ቢኖሩ ደስ ይለኛል፤ ታሪኩን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አደራ፣ እስክንደርስ እንዳያስነሱት። ከብርዱ ሲነሳ ማየት አለብን።» ታዲያ ይህን ከማለትህ በፊት ከባለቤትህ ጋር በእርግጥ ተነጋገሩ። ለጋሼ የምትነግራቸው ነገር እውነት ይሁን።

ከዚያ መልሳቸውን አድምጥ። ትንሽ ቅር ቢላቸው አትደንግጥ፤ ያልፋል። «ና ይዘህ» ካሉ ግማሹ ጭንቀትህ አለቀ። ቀዝቃዛውን ሞተር አታዩም፣ ውኃ ላይም አይወጣም ብለው ድርቅ ካሉ ግን ያኔ ተወው። በማንም ሰው ጀልባ ላይ ቢሆን የምመክርህ ይህንኑ ነው።

የቅዳሜዋ ቀጠሮም አታስጨንቅህ። ሌላ ገዢ ካለ ቀብዱን ስጥ። ግን ሁለት መስመር ይጻፍበት፦ ሞተሩ ተፈትሾ፣ ውኃ ላይም ተሞክሮ ካልተስማማህ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ጀልባ በሚገዛና በሚሸጥ ሰው ዘንድ ይህ የተለመደ ነገር ነው፤ ማንም አይከፋበትም።

አሁን ወደ ሐሙስ ጠዋት እንሂድ። የጀልባ ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ይዘህ ሂድ። የመኪና መካኒክ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ የጨው ውኃን ሥራ ግን ላያውቅ ይችላል። ጀልባ የሚመረምር ባለሙያ ከቀጠርክም ሞተሩን ጨምሮ ያይ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ብዙዎቹ የሚያዩት አካሉን ነው።

እንደደረሳችሁ ከሰላምታ ቀጥሎ ሽፋኑን አስከፍታችሁ መዳፋችሁን የሞተሩ ጎን ላይ አሳርፉ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ማደር አለበት። ለብ ካለ ቅር ሳትሰኙ ሌላ ቀን ተመለሱ። ሞቅ ያለ ሞተር ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ የደከመ ሲሊንደርም (ነዳጁ የሚቃጠልበት ክፍል)፣ የደከመ ሞተሪኖም (ሞተሩን የሚያስነሳው) ሲሞቅ ጤነኛ ይመስላል።

ሳይነሳ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዝና ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርግ። የጠቆረ ዘይት አያስፈራም፤ ዘይት ሲሠራ ይጠቁራል። የሚያስፈራው ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ዘይት ነው። ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። መጠኑንም እይ። ከላይኛው ምልክት አልፎ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየወረደ ነው። ፎር ስትሮክ ሞተር ላይ የሚታይ ነገር ነው፤ ዘይቱን ስለሚያቀጥነው ምክንያቱ መታወቅ አለበት።

ቀጥሎ ያ ቀለም። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ እንዳይሆን እፈራለሁ። ቀለም መቀባት በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለሽያጭ የሚያሳምር ሰው ሞልቷል። ነገር ግን ከመጠን በላይ የጋለ ሞተር ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን የሚከድነው ብረት) አካባቢ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ይለበለባል። አዲስ ቀለም መጀመሪያ የሚሸፍነው ይህንን ነው። የተቀባው የላዩ ሽፋን ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ውስጡ ያለው ብረት ጭምር ከተቀባ ግን ለምን እንደሆነ ጋሼን በቀጥታ ጠይቃቸው። የቡሎኖቹን ጥግ በባትሪ መብራት እይ፤ ነጭ የጨው ቅርፊት ይዘዋል? አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሞተሩ ላይ ለዝገት መሥዋዕት እንዲሆን የሚታሰር የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ ታገኛለህ። ዝገቱ ሞተሩን ትቶ እሱን እንዲበላ ነው። እሱም አብሮ ከተቀባ ሥራውን አቁሟል። የቀባው ሰው ምን ያህል ያውቅ እንደነበርም ከዚያ ትረዳለህ። ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ካለቀ ደግሞ ቀጣዩ ተበዪ ሞተሩ ራሱ ነው።

አሁን እኔን ጉድ ወደሠራችኝ ቡሎን መጣን። ፕሮፔለሩ (ጀልባውን የሚገፋው ተሽከርካሪ ምላጭ) በተሰካበት የማርሽ ክፍል ላይ ሁለት የዘይት ቡሎኖች አሉ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ማደር አለበት። መካኒኩ የታችኛውን በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ያላላው። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ሌሊቱን ታች ይቀመጣል። ገና ሲላላ መጀመሪያ ጠብ የሚለው ንጹህ ውኃ ከሆነ፣ ወይም የሚወጣው ዘይት የነጣ ከሆነ፣ የውኃ መከላከያው ጎማ አልቋል። ሞቅ ብሎ ከዋለ ዘይቱና ውኃው ስለሚቀላቀሉ ይህቺ የመጀመሪያዋ ጠብታ አትገኝም። ከብርዱ የምለው ለዚህም ነው። በብዙ ሞተሮች የቡሎኑ ጫፍ ማግኔት ነው። ጫፉ ላይ እንደ ጭቃ ያለ ግራጫ ነገር ትንሽ ቢኖር ያለ ነው። በጣትህ ስታሸው የሚወጋ ስንጥር ካለ ግን ማርሹ እየተበላ ነው።

ከዚያ ይነሳ። ውኃ ሳይሰጠው ግን ለአንድ አፍታም አይነሳ። ውኃ የሚስበው ፓምፕ ውስጥ ያለው ጎማ በደረቁ ሲሽከረከር ወዲያው ይቃጠላል። ቁልፉ ሲከፈት ማስጠንቀቂያው ጢጥ ማለቱን አድምጥ። ብዙ ሞተሮች ራሳቸውን ሲፈትሹ ይጮኻሉ። ዝም ካለ ሽቦው ተነቅሎ እንደሆነ መካኒኩ ይይ፤ የሚጮህ ማስጠንቀቂያን ከመጠገን መንቀል የሚቀለው ሰው አለ። ሲነሳ ጎኑ ላይ ካለችው ቀዳዳ የውኃ ክር ትወጣለች። ቶሎ መጀመር አለባት፣ ጠንካራ መሆን አለባት። ከቀጠነች ወይም ከተቆራረጠች የማቀዝቀዣው ፓምፕ ደክሟል ወይም መንገዱ በጨው ተዘግቷል። ጭሱንም እይ። በብርድ ጠዋት ትንሽ ነጭ እንፋሎት ታይቶ ቢጠፋ ምንም አይደለም። አልጠፋ ካለ ውኃ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል።

ካንዴላዎቹ (ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሱት) ሲወጡ በየተራቸው ይደርደሩ፤ የቱ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ መታወቅ አለበት። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ የወጣ የመሰለ ካንዴላ ካለ ደስ አይበልህ። ያጠበው እንፋሎት ነው፤ እዚያ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ይገባል። ከዚያ ኮምፕረሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት፣ ይለካ። አንተ ልብ ማለት ያለብህ የቁጥሩን ትልቅነት ሳይሆን የሲሊንደሮቹን መቀራረብ ነው። በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚበልጥ ልዩነት ካለ አንዱ ታሟል።

ስለ 310 ሰዓቱ ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፤ አልወደድኩትም። ለ17 ዓመት ሲካፈል በዓመት 18 ሰዓት ገደማ ነው። ለመዝናኛ የተያዘ ጀልባ በዓመት 50 ሰዓት ቢነዳ ማንም አይደነቅም። ወይ ቆጣሪው ተቀይሯል፣ ወይ ሞተሩ ለዓመታት ቆሟል። ብዙ ሰው «ብዙም አልተነዳም» ሲባል ደስ ይለዋል። ቆሞ የከረመ ሞተር ግን ቤንዚኑ ተሟጦ ሙጫ ይሆናል፣ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ የቀረው ጨው ሥራውን በጸጥታ ይቀጥላል። የሚያጣራው ነገር አለ። በነዳጅ ኢንጀክሽን የሚሠሩ ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ኮምፒውተራቸው ውስጥ የሠሩትን ሰዓትና ያጋጠማቸውን ብልሽት ይመዘግባሉ። መካኒኩ ላፕቶፕ ሰክቶ ያነበዋል። ከቆጣሪው ጋር ከገጠመ እሰየው። ካልገጠመም ጋሼን ሐሰተኛ አትበላቸው፤ እሳቸውም የገዙት ይህንኑ ቆጣሪ አይተው ይሆናል።

እስካሁን ያልኩህን ሁሉ አልፎ ውኃ ላይ የሚወድቅ ሞተር ብዙ ነው። ቱቦ ተሰክቶለት ግቢ ውስጥ የሚሠራ ሞተር ምንም አልተሸከመም። ባዶ ጆንያ የያዘ ሰው ሁሉ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ጀልባው ውኃ ይግባ፤ ሦስት አራት ሰው ይሳፈር፤ የሕይወት ጃኬት ለሁላችሁም ይኑር። ጋሼ ይንዱት፤ እሳቸው ደስ ይላቸዋል፣ አንተም ለማየትና ለመስማት እጅህ ነጻ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት ያህል ይሥራ። ሞቅ ሲል ሙሉ ነዳጅ ይስጡት። በዚህ መጠን ያሉ ብዙ ፎር ስትሮክ ሞተሮች ሙሉ ነዳጅ ላይ በደቂቃ ከ5000 እስከ 6000 ዙር መድረስ አለባቸው፤ የዚህኛውን ልክ መካኒኩ ከመመሪያው ያይልሃል። 4500 ላይ ካቃሰተ ወይ ፕሮፔለሩ አይስማማውም፣ ወይ የጀልባው ሆድ ቆሽሿል፣ ወይ ሞተሩ ጉልበት አጥቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። በድንገት ጉልበቱን ራሱ ከቀነሰም ዝም ብለህ አትለፈው፤ ሞተሩ ከሙቀት ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ዙሩ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ደግሞ የፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ያለው ጎማ እየተንሸራተተ ይሆናል።

ስትመለሱ አጥፉትና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ወሬ አውሩ። ከዚያ እንደገና አስነሱት። ከብርዱ ጥሩ ተነስቶ ሲግል አልነሳ የሚል ሞተር አለ፤ እሱ ነው ከልጆችህ ጋር መሀል ውኃ ላይ የሚያስቀርህ። ሽፋኑን ክፈቱና አሽትቱ፤ የሚንጠባጠብ ካለ እዩ፤ ዘይቱን አንዴ ደግማችሁ ተመልከቱ።

(ይህን የምታነቡና ሞተሩ ከጀልባው ሆድ ውስጥ የሆነ ጀልባ የምትገዙ ካላችሁ አንዲት ቃል ላክል። የቤንዚን ሞተር ከሆነ ከማስነሳታችሁ በፊት የአየር ማራገቢያውን አራት ደቂቃ አሠሩት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ አንድ የእሳት ብልጭታ ይበቃዋል። ጨው ውኃ ላይ የነበረ ከሆነም የጭስ መውጫ ብረቶቹን ከውስጥ አስፈትሹ፤ እነሱ ሲበሉ ውኃው ወደ ሲሊንደር ይገባል።)

ሰነዱን በተመለከተ፣ ሞተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይግጠም፤ ዕዳ እንደሌለበትም ይጣራ። በቃ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ይሆናል? የፓምፕ ጎማ፣ ካንዴላ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ብቻ ከጎደለው ግዛው። በዚህ ዕድሜ ያለ ሞተር እነዚህን ቢጠይቅ ጉድለት አይባልም። እባክህ በጥቃቅኑ ዋጋ ለማስቀነስ አትሞክር፤ ያኔ ነው ጋሼ በእውነት የሚያዝኑብህ። የማርሹ ዘይት ከነጣ፣ ተከፍቶ እስኪታይ ዋጋ አትነጋገሩ። ጎማ ብቻ ከሆነ ትንሽ ነገር ነው፤ ማርሹ ከተበላ ግን የጥገናው ወጪ ከባድ ነው። ኮምፕረሽኑ ከወደቀ ወይም ጨው ውስጡን ከበላው፣ ጀልባውን ሞተር እንደሌለው ቆጥረህ አስበው። አካሉን ብቻ በምን ያህል ትገዛዋለህ? አዲስ ሞተር ለማሰር አቅም አላችሁ? ከሌላችሁ የመካኒኩን ውጤት ለጋሼ ስጣቸው፤ እንዲህ በላቸው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ለኛ አቅም አይሆንም። ግን እርስዎ ሊያውቁት ይገባል።» ለቀጣዩ ገዢ ምን ብለው እንደሚነግሩት የሳቸው ፋንታ ነው። አንተ እንደ ድሮህ ደውለህ ደህንነታቸውን መጠየቅ ትችላለህ።

ከመሄድህ በፊት ለሁለቱ የማርሽ ዘይት ቡሎኖች አዳዲስ ጋስኬቶችና (ዘይት እንዳያፈስስ ከቡሎኑ ሥር የሚገቡ ቀለበቶች) የሚጨመር የማርሽ ዘይት ገዝተህ ያዝ። አሮጌዎቹ ጋስኬቶች ተመልሰው ሲገቡ ያፈስሳሉ፤ ፈትሸህ አበላሸህባቸው እንዳይባል። ዘይቱም ከታችኛው ቀዳዳ ነው የሚሞላው፣ በላይኛው እስኪወጣ ድረስ። ባለቤትህንም ይዘሃት ሂድ። ጥያቄውን ቀድማ ያነሳችው እሷ ናት፤ ሽፋኑ ሲከፈት መጀመሪያ ሞተሩን በእጇ የምትነካውም እሷ ትሁን።